አምፖሏ መተርኮሻው ውስጥ ናት

ስልኩ ሲጠራ ለምሳ እጄን እየታጠብኩ ነበር። አንጋፋው የሥራ ባልደረባዬ ጋሼ ናቸው። ድምፃቸው ረጋ ብሏል። የሳቸው ድምፅ ደግሞ ሲረጋ ነው የሚያስፈራው።

«አንተ፣ መኪናህ ቆማለች።»

«የት?»

«አባይ በረሃ። ከጎሃ ጽዮን ወርደን ጥቂት እንደሄድን። ሞተሩ በአንዴ ጭጭ አለ።»

«ነዳጅ አልቆ ይሆን?»

ዝም አሉኝ። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠን ሰው ነዳጅ አልቆ ይሆን ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

መኪናዋ የመንግሥት ናት። «መኪናህ» ማለታቸው ግን ልክ ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የግብርና ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነበርኩ፤ እሷን የተረከብኩት በፊርማዬ ነው። ነጭ ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን፣ 80 የሚባለው ሞዴል። በፈረንጆቹ 1990 መመረት የጀመረው፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ያለው። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ዋን ኤች ዚ የሚሉት ናፍጣ። ከኔ በፊት አራት ሾፌር አሳልፋለች።

ከጋራዥ ጋር አልስማማም ነበር። ለዘይት ለውጥ ብቻ ሦስት ቀን ያቆሟታል። ስለዚህ የምችለውን ሁሉ ራሴ እሠራለሁ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ እነፋለሁ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ መሰንቀር ነው። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርጌ ውሃውን አወጣለሁ። ክሮቸራዎቹን፣ የዘንጉን መጋጠሚያዎች ማለት ነው፣ ግራሶ አጠጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሯ ተኝቼ ያየኝ ሁሉ ጎበዝ ይለኝ ነበር።

ስቴሽን ዋገን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጀርባው እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነው። ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳና የራሱን አቧራ መልሶ ወደ ራሱ ይጠባል። የኋላ በሩ ጎማ ከደረቀ አለቀልህ፤ ቢቸና ደርሰህ ስትመለስ ከኋላ የተቀመጠው ባለሙያ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። አዲስ ጎማ ብጠይቅ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በቁመቱ ሰንጥቄ፣ በማስቲሽ ለጥፌ ዘጋሁት። ሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራ። ልቤን ያሳበጠው እሱ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሞጣ ስመለስ ጌጁ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች። «ቲ ቤልት» ትላለች። ምን እንደሆነች አውቃለሁ። በዚህ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ የጎማ ነው፣ ሰንሰለት አይደለም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ መብራቷም 100,000 ሲሞላ ትበራለች። ቺንጋው ይሳሳ፣ ይሰንጠቅ፣ ደህና ይሁን የምታየው ነገር የለም። ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው።

የግዢ መጠየቂያ ሞላሁ። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። ሁለቱ ከዚያው ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከባሕር ዳር መጣ። የአንዱ ማኅተም ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። ሲመጣ ደግሞ ፈራሚው ስብሰባ ሄደዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን መብራቷ እንደበራች ናት።

አለቃችን ጋቢና መቀመጥ ይወዳሉ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡና ይዘናቸው ወረዳ ለወረዳ ዞርን። ከእንግዶቹ አንዱ በየመሃሉ አንገቱን እያሰገገ «ይቺ ነገር ምንድን ናት የምትበራው?» ይላል። አለቃዬ ወደ እኔ ይዞራሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ «እባክህ ይህን ነገር አንድ ነገር አድርገው» አሉኝ። ጥገናው ይፋጠን ማለታቸው ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁት መብራቷን አጥፋ የሚለውን ነው። መስማት የፈለግሁትም እሱን ነበር።

ማታ ግቢው ጭር ሲል ካቻቢቴ ይዤ ገባሁ። የጌጁን ብሎኖች ፈታሁ፣ ጌጁን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁ፣ እጄን ከኋላው ሰድጄ የአምፖሏን መያዣ ዞር አደረግሁት። ወጣች። የትንሿን ጣት ጥፍር ታህላለች። አልጣልኳትም። ቺንጋው ሲገባ እመልሳታለሁ ብዬ በሶፍት ጠቅልዬ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ከተትኳት። ሲጋራ አላጨስም፤ መተርኮሻውን የሚከፍተው ሰው አልነበረም።

ቺንጋው ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። በሞዴል 19፣ በዕቃ መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያኔ መስክ ነበርኩ። ስመለስ ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። የምታስታውሰኝን ነገር በገዛ እጄ ነቅያታለሁ።

የሚያናድደኝ ሥራው ቀላል መሆኑ ነው። ዋን ኤች ዚ ላይ ቺንጋው አጭር ነው። የፊቱን ክዳን ትከፍታለህ፣ ምልክቶቹን ታገናኛለህ፣ መወጠሪያውን አላልተህ አሮጌውን ታወጣለህ። አዲሱን አስገብተህ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ታዞርና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ታያለህ። ለለመደ ሰው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አሥራ አንድ ወር አለፈ። መኪናዋ ከ100,000ው በላይ ሌላ 30,000 ገደማ ሄደች።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የሳቸው መኪና ጋራዥ ስለገባች የኔን ይዘው አዲስ አበባ ደርሰው እየተመለሱ ነው። ሦስት ባልደረቦቻችን አብረዋቸው አሉ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ሰማይ። በከባድ ማርሽ እያዘገሙ ሳለ ከሞተሩ በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ የጎማ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሞተር ሲጠፋ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ፍሬኑም የሚያግዘውን ቫክዩም ያጣል። ተጠራቅሞ የሚቀረው ለአንድ ወይ ለሁለት ርግጫ የሚበቃ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ፍሬን ይደጋግማል። በደጋገመ ቁጥር ያችኑ ይጨርሳታል፣ ፔዳሉ ይደነድናል፣ ከዚያ በሁለት እግር ቢቆሙበትም የሚሰማ የለም።

«አንዴ ረገጥኩና ያዝኩ» አሉኝ በኋላ። «አልለቀቅሁም። በእጅ ፍሬን አገዝኳት። አፍንጫዋን ለግድግዳው ሰጠኋት።»

የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች። ፓራፋንጎው ተጨራመተ እንጂ ሰው አልተጫረም። ከኋላ የነበረችው ባልደረባችን ከፍቼ ከተማ ጀምራ ተኝታ ነበር አሉ። «ደረስን እንዴ?» ብላ ነቃች።

በማግስቱ በጭነት መኪና ተጭና ደብረ ማርቆስ ገባች። ዋናው መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ ቺንጋውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣው። ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ የተበጠሰበት ቦታ ላይ ክሩ እንደ ተበጠሰ መቀነት ተንጨባሯል። ቺንጋው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል። ፒስተኖቹ ግን አይቆሙም። ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች እየመጡ ይመቷቸዋል። ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ ከ12ቱ ቫልቮች ስምንቱ ተጣመው ተገኙ።

«ይቺ ሞዴል እኮ መብራት አላት» አለ መካኒኩ። «አልበራም?»

«ኧረ በጭራሽ» አሉ ጋሼ። «እግዚአብሔር ያያል፣ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ምንም አላየሁም።»

መካኒኩ ጌጁን ፈታ። የአምፖሏ ቦታ ባዶ ነው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ያችን ጥቁር ቀዳዳ አየን።

ጉሮሮዬ ደረቀ። ዝም ብል ነገሩ ከኔ በፊት በነበሩት ሾፌሮች ይሳበባል። ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዱ አገር ለቋል፣ አንዱ በሕይወት የለም። ማን ይጠይቃቸዋል? አልዋሽም፣ አሰብኩት። ከዚያ በሩን ከፍቼ መተርኮሻውን ሳብኩ፣ ሶፍቱን አውጥቼ ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

ሶፍቱን ቀስ ብለው ፈቱት። አምፖሏን ወደ ብርሃን አንስተው በአንድ ዓይናቸው ክሯን አዩ።

«ደህና ናት እኮ» አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ንብረት ክፍል ቢን ካርዱን፣ የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያውን፣ ሲያገላብጥ ቺንጋው አለ። ገቢ አንድ፣ ወጪ ባዶ። ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። ቴስታታውን ለማሠራት የወጣው ብር ስንት ቺንጋ እንደሚገዛ ሒሳብ ክፍል አስልቶ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ስለ ሦስቱ ፕሮፎርማ ያነሣ የለም። እኔም ለማንሣት ፊት አልነበረኝም።

መኪና መነካካቱን አልተውኩም። ዛሬም ዘይት ራሴ ነው የምቀይረው፣ የበር ጎማ ራሴ ነው የምለጥፈው። አንድ ነገር ከነቀልኩ ግን ወረቀት ላይ ጽፌ መሪው ላይ አስረዋለሁ፤ ወረቀቱን ሳያነሡ መንዳት አይመችም። ቺንጋ የቀየርኩበትን ኪሎ ሜትር ደግሞ ከኮፈኑ ሥር በቀለም እጽፋለሁ። ጓደኛ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ልገዛ ነው ብሎ ሲያማክረኝ ስለ ቀለሟ አልጠይቅም። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ጽሑፍ አለ ወይ ነው የምለው። ከሌለ መጀመሪያ ቺንጋ፣ ላቫጆ ኋላ።

መኪናዋ ተሠርታ ስትወጣ ጋሼ ሊሞክሯት ገቡ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ወንበሩን አስተካከሉ፣ መስታወቱን አስተካከሉ። ሊያስነሱ ነው ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መተርኮሻውን ሳቡት። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። መልሰው ዘጉትና ሞተሩን አስነሡ።

ከዚያ ወዲህ ከኔ መኪና በተረከቡ ቁጥር እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አንዳንዴ ካራሜላ አስቀምጥላቸዋለሁ።