ኦፖርቹኒቲ ኮስትን ከገበሬው ማሳ ላይ እንየው

ፍሬሽማን ኢኮኖሚክስ የሚወስዱ ልጆችን ኦፖርቹኒቲ ኮስት ምንድነው ስላቸው ትርጉሙን አንድ ሳይሳሳቱ ይሉልኛል፣ አንዱን ስትመርጥ የምታጣው ከቀሩት የተሻለው አማራጭ ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። በቁጥር አሳዩኝ ሲባሉ ግን ዝም። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል ምክንያቱም ወላጆቻቸው በየዓመቱ የሚሰሩት ሂሳብ ነው።

እስኪ አዊ ዞን ውስጥ ያለውን የፋግታ ለኮማ ወረዳ እዩ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ ለዓመታት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባለው ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ ነበር፣ ዳር ዳሩን የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይታይ ነበር። ገበሬው ችግኙን ይተክልና የመጀመሪያውን ዓመት በመሀሉ ጤፍ ይዘራበታል፣ ከዛ ዛፉ ሲያጠላ እህል አይሆንም፣ ሳሩን ለከብት ያጭዳል፣ 4 ወይ 5 ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። ብዙ ተማሪ ወጪውን ቁጠሩ ስትሏቸው ችግኝ፣ የቆራጭና የአክሳይ ጉልበት ብለው ያቆማሉ። መሬቱ በነዛ ዓመታት ሊሰጥ የሚችለው እህልስ? ዋናው ወጪ እኮ እሱ ነው፣ ከኪስ ስላልወጣ ብቻ ነው የማይታየው። ሲቆጠርም የእህሉ ሽያጭ በሙሉ አይደለም፣ ማዳበሪያው ዘሩና ጉልበቱ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው።

ታዲያ ገበሬው ለምን ተከለ? የዛ አካባቢ አፈር አሲዳማ ነው፣ ምርቱ እየቀነሰ ማዳበሪያው እየተወደደ ሲመጣ ከእህሉ የሚተርፈው አነሰ፣ የሚተወው ነገር ትንሽ ስለሆነ ዛፉ አዋጣ። ነገ ጤፍ ቢወደድ ወይ መሬቱ በኖራ ቢታከም ያው ዛፍ፣ ያው ችግኝ፣ ያው ከሰል ሆኖ ወጪው ግን ይጨምራል። ለኔ የትምህርቱ ውበት እዚህ ጋ ነው።

አካውንቲንግ የምትማሩት ደግሞ ትርፍ ላይ ከኢኮኖሚክሱ ጋር ትጋጫላችሁ። ለምሳሌ ቡሬ ላይ በራሷ ቤት ሱቅ የከፈተች ሴት አለች እንበል። በዓመት 900,000 ብር ሸጠች፣ የሸጠችው እቃ የተገዛበት 720,000፣ መብራት ትራንስፖርት ምናምን 60,000፣ አካውንታንቱ 120,000 አተረፈች ይላል። ግን ቤቱ ቢከራይ በወር 4,000፣ እሷም ሰው ጋ ብትቀጠር 7,000 ታገኝ ነበር፣ በዓመት 48,000 እና 84,000፣ ድምሩ 132,000 ነው። ኢኮኖሚስቱ 12,000 ከሰረች ይላል።

ማነው ልክ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጥያቄያቸው ነው የተለያየው። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው የበጀት ዓመት ሲዘጋ የመዝገቡ ትርፍ የሚሰላው በእርግጥ ከገባውና ከወጣው ብር ተነስቶ ነው፣ ያልተከራየ ቤት ኪራይ ደረሰኝ የለውም፣ ወጪ ተብሎ አይያዝላትም። ሱቁን ልቀጥል ወይስ ቤቱን አከራይቼ ልቀጠር ብላ ስትወስን ግን 132,000ውን ሳታይ መወሰን የለባትም። ለመደርደሪያ ያወጣችው ብር ደግሞ መልሶ የማይሸጥ ከሆነ እዚህ ውሳኔ ውስጥ አይገባም፣ ብትቀጥልም ብትዘጋም አይመለስም፣ እሱ ሰንክ ኮስት ነው።