ከመለዋወጫ ፋይል የወጣው ቅጣት

«እስቲ ቢሮዬ ብቅ በል፤ ቡናም ፈልቷል» አሉኝ የፋይናንሷ እትዬ በስልክ። እሳቸው ቡና ብለው የጠሩት ሰው ጉድ አለበት። ይህን ፋብሪካችን ውስጥ የማያውቅ የለም።

ጠረጴዛቸው ላይ ከጣልያን የመጣ ኢንቮይስ ተዘርግቷል። የላከው ማሸጊያ ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት ነው። ቤልት፣ ሴንሰር፣ ቢላ፤ ሁሉም ያዘዝኩት ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን «የኪራይ መኪና ጉዳይ፣ 80 ዩሮ» ይላል። እትዬ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይቺ ደግሞ የየትኛው ማሽን ዕቃ ናት?»

ወዲያው ገባኝ።

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ከአንድ ኦፕሬተራችን ጋር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቦሎኛ ተልከን ነበር። ማሠልጠኛው ከከተማ ወጣ ያለ ስለነበር ድርጅቱ በራሱ ካርድ መኪና ተከራየልን። ውሉ ላይ የሰፈረው ግን የእኔ ስም ነው፤ የፈረምኩትም እኔ። አድራሻ ሲሉኝ ኮምቦልቻ ያለውን የፋብሪካችንን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጠሁ። መንጃ ፈቃዴን ከነትርጉሙ አሳየሁ፤ ቁልፌን ተቀበልኩ። ውሉ ስንት ገጽ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ቅዳሜ ሥልጠና የለም። ኦፕሬተሩ «ፍሎረንስ መቶ ኪሎ ሜትር ናት፤ ሳናያት ብንመለስ ምን እንባላለን?» አለ። የእኔም ልብ አብጦ ነበር። የሐረጎን ዳገት በክረምት ጭጋግ፣ ከፊትም ከኋላም ሲኖትራክ እያለ ደሴ የወጣ ሰው ፍሎረንስ ምን ያቅተዋል?

ከተማዋ መሀል ስንደርስ መንገዱ ጠበበ። ጥግ ላይ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ምልክት ቆሟል። አጠገቡ መብራት ያለው ሰሌዳ አለ፦ «ቫርኮ አቲቮ»። ቫርኮ መግቢያ ማለት እንደሆነ ስልኬ ነገረኝ። አቲቮን ራሴ ተረጎምኩት። አክቲቭ ነዋ! በሩ ይሠራል፣ ግቡ ማለት ነው። ገባን። ከዚያ ጂፒኤሱ ዞረበት፤ ወጣንና በሌላ በር ደግመን ገባን። እዚያም አቲቮ ይላል። እንዲያውም «አየህ፣ ይሄኛውም ክፍት ነው» ብዬዋለሁ።

ለካ የሚሠራው ካሜራው ኖሯል። አሮጌው የከተማው ክፍል ለነዋሪና ፈቃድ ላለው መኪና ብቻ የተከለለ ነው። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ክልከላው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ሰሌዳው ላይ አቲቮ የሚለው ሲበራ ክልከላው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ የእኔ ትርጉም ፍጹም ተቃራኒ። እኛ አገር ትራፊክ ያስቆምሃል፣ ሰላም ይልሃል፣ መንጃ ፈቃድህን ይዞ ወረቀት ይሰጥሃል። ቢያንስ መቀጣትህን ታውቃለህ። እዚያ ካሜራው ታርጋህን አንስቶ ዝም ይላል፤ አንተ አይስክሬምህን ትልሳለህ።

ለእትዬ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አብሽር፣ ከደመወዝህ ይቆረጣል» አሉኝ። ቅዳሜው የግል ሽርሽር ነው፤ ፋብሪካው የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ተቆረጠ። ተገላገልኩ ብዬ ረሳሁት።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። 80 ዩሮው ቅጣቱ አልነበረም። አከራዩ ስሜንና አድራሻዬን ለከተማው ፖሊስ አሳልፎ ለሰጠበት የሚጠይቀው የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥፋት 40 ዩሮ። ስም ለመናገር 40 ዩሮ! ሰፈራችን ውስጥ ይህን በነጻ የሚሠራ ስንት ሰው አለ። ውሉ ላይም ተጽፎ ነበር፤ ሳላነበው በፈረምኩት ገጽ ላይ። ዋናው ቅጣት ለብቻው በፖስታ ይመጣል። የጣልያን ሕግ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ማሳወቂያ ለማድረስ 360 ቀን ይሰጣል። ስለዚህ በወር በሁለት ወር ካልመጣ ቀረ ማለት አይደለም።

ታኅሣሥ 2012 ላይ በሪኮማንዴ፣ በፊርማ በሚወሰድ ፖስታ፣ መጣ። ተላላኪያችን ፈርሞ ተቀበለና መዝገብ ቤት አደረሰ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ብትከፍተው ጣልያንኛ ነው። ለእኛ ፋብሪካ ከጣልያን ምን ይመጣል? የመለዋወጫ ሰነድ። በሥርዓቱ ቁጥር ሰጥታ ከመለዋወጫ ፋይል ጋር አሰረችው። ማን ይፈርድባታል?

በአሥራ አንደኛው ቀን የቤልት ካታሎግ ፍለጋ ያንን ፋይል ሳገላብጥ ሁለት የማላውቃቸው ወረቀቶች አገኘሁ። ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ፣ ማኅተም፣ ቁጥር በቁጥር። ልመልሰው ስል አንዲት ቃል ዓይኔን ያዘችው። በላቲን ፊደል «ታርጋ» ትላለች። ታርጋን፣ ካምቢዮን፣ ጎሚስታን ያወረሱን እነሱ አይደሉ? ከጎኗ የመኪና ቁጥር አለ። ያቺ ነጭ መኪና ትዝ አለችኝ፤ ሆዴ ባባ።

ወረቀቱን ይዤ ጋራዥ ሮጥኩ። እዚያ በልጅነታቸው ጣልያን ጌታ ዘንድ ሙያ የተማሩ ጋሼ አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ።

«ልጄ፣ በአምስት ቀን ለከፈለ 30 በመቶ ቅናሽ አለው ይላል። መቼ ነው የደረሰህ?»

ተላላኪው የፈረመበትን ቀን ነገርኳቸው። ወረቀቱን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

ለአንዱ መግቢያ 83 ዩሮ፣ ለሁለቱ 166፣ የፖስታ ወጪው ሳይቆጠር። በአምስቱ ቀን ቢሆን 116 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ይበቃ ነበር። ዩሮ ያኔ 35 ብር አካባቢ ስለነበር ልዩነቱ ብቻ ከ1,700 ብር በላይ ነው። ኦፕሬተሩ ይግባኝ እንበል አለ። ለክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ተወካይ በ60 ቀን ማመልከት ይቻላል፤ ውድቅ ካደረገው ግን ቅጣቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ደግሞስ ምን ብለን እንጽፋለን? «አቲቮን በስህተት ተርጉመን ነው»? ዝም ብለን 60 ቀን ብናሳልፍም 83ቱ 166 ሊሆን ነው።

መክፈሉ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ለግል ቅጣት ዩሮ ልላክ ብል የትኛው ባንክ ይሰማኛል? እኛ ወሎዬዎች ዘመድ ፈልጉ ብንባል ጂዳም ቤይሩትም አናጣም። ጣልያን ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። በመጨረሻ ያሠለጠነንን ሰውዬ ለመንኩት፤ በድርጅቱ በኩል አስከፈለልኝ። የወረቀቱን ቁጥርና ታርጋውን ክፍያው ላይ መጻፍ እንዳይረሳ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ። ያለዚያ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በሚቀጥለው ኢንቮይስ የመጨረሻ መስመር ላይ ምን እንደመጣ መገመት አያቅታችሁም። እትዬ ደወሉ። ቡና ፈልቷል አሉ። ኦፕሬተሩን አስከትዬ ሄድኩ፤ ግማሹን እሱ ቻለ።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ከዚያ ወዲህ ጣልያንኛ ያለበት ወረቀት በመጣ ቁጥር እየሮጠች ወርክሾፕ ድረስ ታመጣልኛለች። ባለፈው የቅባት ብሮሹር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ታርጋ የሚል ፈልጌ አጣሁበት» አለችኝ እያለከለከች። «ግን ለማንኛውም ብዬ ነው።»