ቅድሚያ ለስፒከሩ

ለስቴሪዮዬ ማሻሻያ ብዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ ጥሩ ዕቃ ይገዛል፤ ሁለት ጥሩ ዕቃ ግን አይገዛም። ሰሞኑን ሳወጣና ሳወርድ የከረምኩትም በዚሁ ነው። አምፕሊፋየሩ ይለወጥ፣ ሲዲ ማጫወቻው ይለወጥ ወይስ ስፒከሮቹ? ሦስቱም አርጅተዋል፤ እኩል ግን አልበደሉኝም።

ሙዚቃው ከተቀዳበት ተነሥቶ ጆሮዬ እስኪደርስ በሚያልፍባቸው ዕቃዎች ሁሉ ውስጥ ድምፁን አብልጦ የሚለውጠው ስፒከር ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ተራ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ እስካልተገፋ ድረስ የሚጨምረው መዛባት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስፒከር ግን ወፍራሙን ድምፅ ጮክ ብሎ ሲያሰማ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊያዛባ ይችላል። አልፈርድበትም። በማግኔትና በጥቅል ሽቦ የሚገፋ ሾጣጣ ወረቀት የከበሮን ምትም የሰውን እስትንፋስም በአየር ላይ እንዲሠራ መጠየቅ ከባድ ጥያቄ ነው። ገንዘቤ ወደዚያ መሄድ እንዳለበት የወሰንኩት ለዚህ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ግን ምንም ወጪ የሌለውን ሥራ መጨረስ ፈለግሁ። የነበሩትን ስፒከሮች ከጥግ አውጥቼ ከግድግዳው አራቅኋቸው። ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ በራሱ ላይ ይደመራል፤ ጥግ ላይ ሲቆም ደግሞ ከሁለት ግድግዳና ከወለሉ ይደመራል። በዚህ የሚያብጠውን ጉርምርምታ «ቤዙ ኃይለኛ ነው» ብለው የሚወዱት አሉ። እኔ አልወደውም። ቤዝ ጊታሩ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሻገር መስማት እፈልጋለሁ፤ ጉርምርምታው ሁሉንም አንድ ኖታ ያደርግብኛል።

ቀጥሎ የመቀመጫዬ ተራ ነበር። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው (በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው) ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ግድግዳው ሥር ያይላል፣ ክፍሉ መሐል ላይ ደግሞ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። ወንበሬን ከኋላው ግድግዳ ጥቂት ወደ ፊት ሳስጠጋው የቤዙ ጫና ረገብ አለ። ይህንን የትኛውም ውድ አምፕሊፋየር አያስተካክለውም። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃም የቀጭኑን ድምፅ ነጸብራቅ ያለሰልሳሉ እንጂ ከቤዙ ጋር ብዙም ጉዳይ የላቸውም።

ከዚያ ሁለቱን ስፒከሮችና ጭንቅላቴን ጎኖቹ እኩል በሆኑ ሦስት ማዕዘን አደረግኋቸው። ቀጭን ድምፅ እንደ ወፍራሙ በየአቅጣጫው ስለማይበተን ትዊተሮቹን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ክፍሎች፣ ወደ ጆሮዬ አዞርኳቸው። የቀዩንና የጥቁሩን ሽቦ አገናኝም መረመርኩ፤ በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገላበጡ አንደኛው ሾጣጣ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም ይከስማል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የዘፋኟ ድምፅ ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ምንም ነገር ከሌለበት ከመሐል መጣ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት የጠየቀበት ሐሳብ ይኸው ነበር። ስንት ዓመት ብሰማውም አሁንም ይደንቀኛል።

አምፕሊፋየሩን ያዳነልኝ ስሌት ነው። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ማደግ ትልቅ ዝላይ ይመስላል፤ በድምፅ ሲለካ ግን ጭማሪው በጩኸት መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አንድ ድምፅ እጥፍ ጮኸ ብለን እንድንቀበል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል፤ ይህም የኃይሉን አሥር እጥፍ ማለት ነው። በሌላ በኩል በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል በሚሰጥ ስፒከር ፈንታ 90 የሚሰጠውን ብመርጥ ያንኑ 3 ዴሲቤል በዚያው አምፕሊፋየር አገኛለሁ። የአምፕሊፋየሩ የድምፅ ማዞሪያ ሲዞር የሚንኮሻኮሸው ውስጡ ስለቆሸሸ ነው፤ ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች የተሠራ ማጽጃ ይበቃዋል።

ገመድና ማጫወቻ ብዙ አላነጋገሩኝም። 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለ3 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም 0.04 ኦም ገደማ ነው፤ 8 ኦም ከሆነ ስፒከር ፊት ይህ ከምንም አይቆጠርም። ሲዲም ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ በሰከንድ 44,100 ናሙና እየወሰደ ሰው የሚሰማውን እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይይዛል። ማጫወቻዬ እስኪሞት ድረስ ከቦታው አይነሣም።

ስለዚህ ገንዘቡ በሙሉ ለስፒከር ሆነ፤ ያውም ለአገልግሎት የዋለ። በዚህ አቅም አዲስ ከምገዛ ይልቅ በዘመኑ ከፍ ያለ ደረጃ የነበረውን ባገለገለበት ዋጋ ማግኘት ይሻለኛል። ጥንቃቄው ግን ግድ ነው። በሾጣጣው ዙሪያ ያለው ቀለበት ስፖንጅ ከሆነ በዓመታት ብዛት ይፈረፈራል። ሊተካ ቢችልም ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጎማ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የየአንዳንዱን ዉፈር ሾጣጣ በጣቶቼ ዙሪያውን እኩል ይዤ በቀስታ ገፋሁት፤ የመፋተግ ድምፅ ካለ ጥቅል ሽቦው ተዛብቷል ማለት ነው። ጆሮዬንም ወደ እያንዳንዱ ትዊተር አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ የተቃጠለ ትዊተር ከሩቅ አይታወቅም።

ሁለት ጥንድ አማርጬ ነበር። የበለጠ የሚጮኸው በመጀመሪያ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ ስለዚህ የሁለቱን ጩኸት እኩል እስካደርግ ድረስ አልፈረድኩም። እኩል ሲሆኑ ያ በመጀመሪያ ደማቅ የመሰለኝ ጥንድ በሴት ድምፅ ላይ ሹል ሆነብኝ፤ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ። ሌላኛው ረጋ ያለ ነው። ከበሮ መቺው በብሩሽ ሲያሻሽ ቆዳው ይሰማል፣ የሳክስፎኑ ነፋስ ይሰማል፣ ሰዓታት ቢያልፉም ጆሮ አይደክምም። እርሱን ገዛሁ።

ከገንዘቡ የተረፈችው ለስፒከሮቹ መቆሚያ ትሁን ብያለሁ። ከወንበሬ ላይ ተቀምጬ የጆሮዬን ከፍታ ከወለሉ ለክቻለሁ፤ ትዊተሮቹ ከጆሮዬ እኩል እንዲቆሙ ልኩን ለአናጢ እሰጣለሁ። ከባድና የማይነቃነቅ ይሁን እንጂ ስለ መልኩ አልጨቃጨቅም።