ከ1 እስከ 9

ባለፈው ሳምንት ሰዓት የማይነግር ሰዓት ግራ እጄ ላይ አስሬ ሰነበትኩ። ጓደኛዬ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሰው ስትፈልግ ሳላስብበት እሺ ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ተቀምጠን አሰረችልኝና "ላብህን ነው የሚያነበው" አለችኝ። በዚህ ብርድ? ሳቅኩባት።

ስታስረዳኝ ግን ገባኝ። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲናደድ ወይም በደስታ ሲፈነድቅ የላብ ዕጢዎቹ እሱን ሳያስፈቅዱ ይሠራሉ። ላቡ በዓይን ላይታይ ይችላል። ርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከአምባሩ ሥር ያሉት ሁለት ብረቶች ኢምንት ኤሌክትሪክ እየላኩ ስንቱ እንዳለፈ ማይክሮሲመንስ በሚባል መስፈሪያ ይለካሉ። ከድንጋጤው በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ባለው ጊዜ ግራፉ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፌሬ ስሜት ሲነካ የቆዳ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ ዐድዋ ገና አልደረሰችም። አዲሱ ነገር መሣሪያው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ከሰው ጋር ገበያ መዋሉ ነው። አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮዛሊንድ ፒካርድና ባልደረቦቿ እጅ ላይ ታስሮ ስለሚውል መለኪያቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናት አሳትመዋል።

የማይችለው ነገርም አለ። ምን ያህል እንደተነካህ እንጂ በምን እንደተነካህ አያውቅም። ሎተሪ የደረሰውም ጅብ ያጋጠመውም ግራፉ ላይ አንድ ዓይነት ጋራ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ስልኬ በቀን ስድስት ሰባቴ እየጮኸ ይጠይቀኛል፦ "አሁን ስሜትህ ምን ያህል ተነቃቅቷል? ከ1 እስከ 9።" እኔ ሁሌ 5 እጫናለሁ። 5 ማለት ለእኔ "ደህና" ነው። እንዴት ነህ ሲሉኝ ሳላስብ የምመልሳት ደህና።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መስመሩ ተኝቶ ዋለ። "ሞተሃል እንዴ?" አለችኝ ጓደኛዬ። ብርዱ ነው። ላብ ዕጢ የሚበዛው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ነው፤ የእጅ አንጓ ከድሮውም ድሃ ነው፤ የኛ ብርድ ሲጨመርበት ቆዳው እንደ ቋንጣ ይደርቃል።

ሐሙስ የአክስቴ ባል አርፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ጣርማ በር ጉም ውጦታል። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሾፌራችን በአንድ እጁ ጫት በአንድ እጁ መሪ ይዟል። አንድ ነገር ሲገጥምህ ተጫን የተባልኩትን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። ደብረ ሲናን ካለፍን በኋላ ጃኬት ወለቀ፣ ከዚያ ሹራብ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ 1,300 ገደማ እየወረድክ ነውና መስመሩ በተቃራኒው እየወጣ ሄደ። ፍርሃት ነው ሙቀት? በኋላ ስትነግረኝ፣ ቀስ እያለ የሚወጣውን መሠረት ለብቻ፣ በላዩ ላይ ድንገት የሚነሳውን ሹል ለብቻ ያዩታል። አምባሩ የቆዳ ሙቀትና የእጅ እንቅስቃሴም ስለሚመዘግብ ከዚያ ጋር ያስተያዩታል።

ልቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ድንኳኑ ጥግ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። አክስቴ መጥታ አምባር ያለበትን እጄን ያዘች። "አባትህን መስለህ መጣህብኝ" አለች። ወዲያው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ጥያቄው ነው። 5 ተጫንኩ።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ላፕቶፗን ከፍታ ሐሙስን አሳየችኝ። ጣርማ በር ላይ ትናንሽ ሹሎች አሉ። ከእነሱ ወዲያ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ፣ እንደ መስቀል ደመራ የቆመ አንድ ነገር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው? ቁልፍም አልተጫንክ።"

"ሙቀቱ ይሆናላ" አልኳት።

የሙቀቱን መስመር አየችው። ንቅንቅ አላለም። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ሻይ አዘዘች። ጥሩ ሰው ናት።

የሳምንቱ ትልቁ ግን እሱም አልነበረም። እዚያው ሐሙስ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ እኔ ድብን ብዬ ተኝቼ፣ መስመሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ እብድ ሲዘል አድሯል። የተለመደ ነው አለች። ስያሜውም ማዕበል ነው። የሚበዛውም ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ እንጂ ሕልም በሚበዛበት ሰዓት አይደለም። እውነትም ጠዋት የማስታውሰው ምንም አልነበረም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ገብስ እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

"አባትህ መጥቶ ነው።"

"እማዬ፣ ሕልም አይደለም ብላለች እኮ።"

"እሷ አባትህን ታውቀዋለች?"

መልስ የለኝም። ጥናቱ ይህን አይጠይቅም።

እሁድ አምባሩን ከመመለሴ በፊት እማዬ እስቲ ልሞክረው አለች። (ጓደኛዬ ይህን ስታነብ ትቆጣለች። ያቺን ሩብ ሰዓት አውጥተሽ ጣያት።) አሰርኩላት። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደ ታቦት አየችው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

"ምን ይላል?"

"ከ1 እስከ 9 ስሜትሽ ስንት ነው ይላል።"

"ተመስገን በለው።"

"ቁጥር ነው የሚፈልገው እማዬ።"

"ታዲያ ተመስገን የትኛው ነው?"

ስልኩን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። እሷም አንገቷን አስግጋ ቁጥሮቹን በተራ አየቻቸው። ጣቷን ልትዘረጋ አለችና መልሳ ሰበሰበችው።

"አንተ እንዳልከው አድርገው" አለችኝ።