ከሞራው ይልቅ ጠብታው አስለቀሰኝ

እማዬ የቀኝ ዓይኗን ሞራ ካስወጣች ስድስት ወር ሆናት። ለኦፕራሲዮኑ ፈርቼ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው ያደርኩት። በከንቱ! ዓይኗ ተለካ፣ ግፊቷና ስኳሯ ታየ፣ ዓይኗን አደነዘዟት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ገባላት። በቃ። በነጋታው ፋሻው ሲነሳ፣ "አንተ፣ ይህን ያህል ሸብተሃል እንዴ?" አለችኝ።

ጉዱ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ስንወጣ ሁለት ብልቃጥ ጠብታና አንድ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ነርሷ፣ "እማማ፣ በቀን አራቴ፤ ራስዎ ይጨምሩታል" ብላ ቀጣዩን ጠራች። እኔስ ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ቀላ።

"ጠብታውን እየጨመርሽ ነው?"

"አንድም ቀን አላለፈኝ ልጄ።"

ብልቃጡም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። "እስቲ አሳዪኝ" አልኳት። አንጋጠጠች። ዓይኗን ጭፍን አደረገች። ጨመቀችው። ሦስት ጠብታ በጉንጯ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ፣ "ገባ" አለች።

አምስት ቀን ሙሉ መድኃኒቱን የጠጣው ነጠላዋ ነው!

ያኑ ዕለት ወሰድኳት። "ውስጡ ተቆጥቷል" አለ ሐኪሙ፤ እሱም እኔን ተቆጣኝ። ነርሷ አጠገቡ ቆማ ጣሪያ ታያለች። ጠብታው ተቀየረ፣ ቶሎ ቶሎ ሆነ፣ እግዜር ይመስገን ዳነች።

እናም "ራሳቸው ይጨምሩ" ሲሏችሁ አትስሙ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አስተኟቸው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ብቻ። የብልቃጡ አፍ ዓይን አይንካ። ሌላኛውን ጠብታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጨምሩ፤ አለዚያ የፊተኛውን ያጥበዋል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ማየት ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ። ፀበልም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ፊት ላይ አይረጭ። በዚህ እማዬ ሳምንት አኩርፋኛለች።

ደግሞ "ሞራው ሳይበስል አይነካም" ያሉንን ሰምተን ሁለት ዓመት አባክነናል። በቆሎ ነው እንዴ የሚበስለው? ሞራን የሚያሟሟ ጠብታም የለም፤ እኛ ግን ገዝተናል።

የግራ ዓይኗ ለጥር ተቀጥሯል። እህቴን ከወዲሁ ተራ አስገብቻታለሁ፤ ጠዋት እሷ፣ ማታ እኔ።