ቡናው እንቅልፋችሁን የት ወሰደው?

ቡና እንቅልፍ አያባርርም። ይህን ስል ጀበናው አጠገብ ቁጭ ብለው የሚስቁብኝ ዘመዶች አሉኝ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

አንጎላችን ነቅቶ ሲሠራ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ሞለኪውል እየሰባበረ ይጠቀማል። ከዚያ ስብርባሪ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይገኛል። ቀኑ በገፋ ቁጥር በነርቭ ሴሎች መካከል ይጠራቀማል፣ ሴሎቹ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገጥምና ሥራቸውን ያቀዘቅዛል። ዓይናችን የሚከብደው፣ አንዷን መስመር ደጋግመን የምናነበው ያኔ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ሰርግ ቤት ቀድሞ እንደደረሰ እንግዳ ወንበሩን ይይዝበታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። አዴኖሲኑ የትም አልሄደም፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ እንዲያውም እኛ ባለመተኛታችን እየበዛ ይሄዳል፣ ካፌይኑ ሲነሳ ደግሞ ባንዴ ግር ብሎ ይቀመጣል። ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስ ሰው ታክሲ ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚያንቀላፋው ወዶ አይደለም።

ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ባማካይ 5 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። አንዳንዱ ቶሎ ያጣራዋል፣ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ በጣም ይቆያል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ እስከ በረካ ጠጥቶ የተነሳ ሰው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ ነው። «እኔ እኮ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል አይጠፋም። ይተኛል፤ ጥልቁ እንቅልፍ ግን ይቀንስበታል።

ጫት በሌላ በር ነው የሚገባው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ነገር ዶፓሚን የተባለው አነቃቂ የአንጎል ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ምርቃናው እሱ ነው። ለፈተና ቅሞ ሲቸክል የሚያድር ተማሪ ግን ያነበበውን ወደ ዘላቂ ትውስታ የሚያሸጋግርለትን እንቅልፍ ራሱን ነው የሚሠዋው። እኔ ይሄ ስሌት ፈጽሞ አይገባኝም።

ይህ ሁሉ አንጎል ውስጥ ነው። እኔን የገረመኝ ከአንገት በታች ያለው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እነ ኢቭ ቫን ካውተር፣ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ6 ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ አደረጉ። ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የሚያነሳበት ፍጥነት በግልጽ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ሽማግሌዎች አይደሉም፣ የስኳር በሽተኞችም አይደሉም። በ2012 ደግሞ እዚያው ቺካጎ ለ4 ሌሊት 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ከተኙ 7 ሰዎች ሆድ ላይ ትንሽ ስብ ተወሰደ። ስኳር ከደም ወደ ሴሎች እንዲገባ የሚያዘው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲጨመርበት በስብ ሴሎቹ ውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኤኬቲ የተባለ ፕሮቲን እንደወትሮው አልነቃም፤ ሴሎቹ ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ በ30 በመቶ ገደማ ወርዷል። የሆድ ስብ እንኳ እንቅልፍ ማጣታችንን ያውቃል ማለት ነው!

በዓመቱ፣ በ2013፣ እንግሊዝ አገር ሱሬይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ጉዳዩን ወደ ጂኖች ወሰደው። ለአንድ ሳምንት በቀን ከ6 ሰዓት በታች የተኙ ሰዎች ደም ሲመረመር የ711 ጂኖች እንቅስቃሴ ተለውጧል፤ ከእነሱ መካከል ከብግነት (ሰውነት ሲጎዳ ከሚያሳየው የመቆጣት ምላሽ) እና ቀንና ሌሊትን ከሚለየው የሰውነት ሰዓት ጋር የተያያዙ አሉበት። ከ6 ሰዓት በታች! ስንቶቻችን ነን ይህን እንደ ጥሩ ሌሊት የምንቆጥረው?

የዝንቦቹንም ልንገራችሁ። በ2020 ሃርቫርድ ውስጥ እንቅልፍ የተከለከሉ ዝንቦች ሲመረመሩ፣ ሴል የሚጎዱ የኦክስጅን ሞለኪውሎች በብዛት የተጠራቀሙት አንጀታቸው ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እነዚያን የሚያከሽፍ ነገር የተሰጣቸው ዝንቦች ሳይተኙም ዕድሜያቸውን ኖሩ። ይህን ሰምቶ ቫይታሚን ሊገዛ ፋርማሲ የሚሮጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ወገኔ፣ አንተ ዝንብ አይደለህም።

«ቅዳሜና እሁድ ተኝቼ አካክሰዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። አዴኖሲኑ በእርግጥ ይወርዳል፣ ሰው ሰኞ ጠዋት ቀለል ይለዋል። በ2019 ኮሎራዶ ውስጥ የተሞከረው ግን ይኸው ነበር፤ በሥራ ቀናት ትንሽ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ያሻቸውን ያህል ተኙ። ተመልሰው እንቅልፍ ሲያንሳቸው ከእራት በኋላ መቀማመሱ እንደገና ጀመራቸው፣ የጉበታቸውና የጡንቻቸው የኢንሱሊን ምላሽም ወርዶ ተገኘ።