ስደት ላይ ዕቃቃ

ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው በመስኮት ቆሎ የሚገዛባት ከተማ። ልጆች ሆነን ጓሮ ዕቃቃ ስንጫወት እኔ ሁሌ ቆሎ ሻጭ ነበርኩ። ጠጠር በቆርኪ እሰፍራለሁ፣ ቅጠል እቀበላለሁ፣ መልስም እሰጣለሁ። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ አንዲት የ90 ዓመት አዛውንት ቤታቸው ውስጥ እጠብቃለሁ። ወልጄ አሳድጌያለሁ። ዕቃቃውን ግን እንደገና ጀምሬዋለሁ።

አትሳቁ። ቴሌግራም ውስጥ አንድ መንደር አለን። ጉም አምባ ይባላል። ካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ የቆረቆርነው እኛ ነን። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ብለን ተስማምተናል። ዘመኑ ደግሞ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር። አንዱ ጭቃ ሹም ነው፣ አንዱ ደብተራ፣ አንዱ ከአልዩ አምባ አሞሌ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ ነጋዴ። እኔ ጠላ ጠማቂ ነኝ። አንዱ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ሌላው ይቀጥላል። ሮልፕሌይ የሚሉት እሱ ነው።

የጀመርኩት በልጄ ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ሲያወራ ሰማሁት። ገብቼ "ከማን ጋር ነው?" ብለው፣ "እማዬ ቆይ፣ እኔ እኮ ጠንቋይ ነኝ" አይለኝም! በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ለካ በዲስኮርድ ከጓደኞቹ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እየተጫወተ ነው። በፈረንጆቹ 1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው፤ የእኔ እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ሰው ሆነው ይገባሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ። ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩ። ጠንቋይነቱን ረሳሁትና ዕቃቃ መሆኑ ገባኝ።

በሳምንቱ ግሩፕ ከፈትኩ። እህቴ ከደብረ ብርሃን፣ የአክስቴ ልጅ ከቶሮንቶ፣ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ የሰፈሬ ልጅ፣ ሁለት የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ሌላም ሌላም። በአንድ ወር 40 ሰው ሞላን። በሁለተኛው ወር ግሩፑ ሞተ።

እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ ነበረን። ተዋጊ ሆኖ ገባ። አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ግብር ጠየቀው። ልጁ ጎራዴውን መዘዘ፣ አንገቱን ቀላው፣ ቀበረው። በዚህም አልበቃው፤ ሌሎቹ ደግሞ ተከትለው ድንኳን ጣሉ፣ ፍሪዳ አረዱ። ጭቃ ሹሙ የአክስቴ ልጅ ነው። ቶሮንቶ ሌሊት ነበር፣ ተኝቷል። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩም ተበልቶ አገኘው። ከግሩፑ ወጣ። ደውዬ ስለምነው "የራሴን ተዝካር እንኳ አልጠራችሁኝም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ያን ቀን አንድ ደንብ አወጣን። ጎራዴውን ሰንዝር፣ ቁስሉን ግን ለባለቤቱ ተው። "ሰነዘርኩ" ብለህ ትጽፋለህ፤ ሸሸ፣ ቆሰለ፣ ሞተ የሚለውን የሚጽፈው የተሰነዘረበት ሰው ነው። እስኪነቃም ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ጉም አምባ ውስጥ ሰው ሞቶ አያውቅም ማለት አይደለም። የሚሞተው ግን ፈቅዶ ነው።

ሁለተኛዋ ገዳይ እኔ ነበርኩ። መጻፍ እወዳለሁ። ሰኞ ሌሊት አዛውንቷ ሲተኙ አንድ ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ። ጌሾው እንዴት እንደተወቀጠ፣ ጋኑ እንዴት እንደታጠነ፣ እንግዶቹ እንዴት ጠጥተው መርቀው እንደሄዱ። ልብ የምትመስል ምልክት አሥራ ምናምን ይመጣልኛል፤ የሚቀጥል ግን የለም። ልጄን አነበብኩለት። "እማዬ ቆንጆ ነው፣ ግን በር የለውም" አለኝ። "ሌላው ሰው በየት በኩል ይግባ?"

አናደደኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ይህችን ጻፍኩ፤ "ጠላውን በዋንጫ ቀዳሁና ለጭቃ ሹሙ አቀበልኩ። ዘንግቼው ነው እንጂ ዝንብ ገብቶበታል።" አቆምኩ። ሌላ ቃል የለም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭቃ ሹሙ ዋንጫውን ወደ ብርሃን አዞረው። እህቴ ወደ ዝንቡ እንዳያይ ወሬ ጀመረችለት። ደብተራው ዝንብ የገባበት ጠላ በጾም ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ብሎ ክርክር ከፈተ። አንዲት ዝንብ አራት ቀን አጫወተችን። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አያታለሁ። ለሌላው የሚሆን ነገር አስቀምጫለሁ ወይ?

ደንብ ስል ደግሞ፣ አንድ ሰሞን 21 ደንብ ጽፌ ለጥፌ ነበር። አድሚንነት ሲጀምር እንደሱ ያደርጋል። ማንም አላነበበውም። አሁን ያሉን ሦስት ናቸው፤ አንዱን ነግሬያችኋለሁ፣ ሌሎቹ እግረ መንገድ ይመጣሉ።

የሰው ጠባይ ነገር ደግሞ አለ። ልጄ ስለ ሪቻርድ ባርትል ነገረኝ። እንግሊዛዊ ነው። ሮይ ትሩብሾ የሚባል ተማሪ በፈረንጆቹ 1978 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን፣ ብዙ ሰው በጽሑፍ ብቻ የሚጫወትበትን ዓለም አብሮት የሠራ ሰው። ይህ ባርትል በፈረንጆቹ 1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። የሚያከማች፣ የሚያስስ፣ የሚያወጋ፣ ሌላውን ማጥቃት የሚወድ። ሰምቼ ሳቅኩ። አራቱም ጉም አምባ አሉ። ነጋዴው ቀን ከሌት አሞሌ ይቆጥራል። አንደኛዋ የመሐል ሜዳ ልጅ ወፍ ዋሻ ገብታ ሦስት ቀን ትጠፋለች። እህቴ እሳት ዳር ከተቀመጠች አትነሳም። አራተኛው ያ ጎረምሳ ነው። እሱን ላባርረው ነበር፤ ሥራ ሰጠሁት። ነብር በግ እየፈጀ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጎራዴውን ይዞ ገደል ለገደል ሁለት ሳምንት ተንከራተተ። አሁን የመንደሩ ሰው የሚወደው እሱን ነው።

ስህተት ማረምም ጥበብ ይፈልጋል። አንድ አዲስ ልጅ "ባሕር ዛፍ ሥር ተደበቅሁ" ብሎ ጻፈ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ነው፤ ያኔ የለም። አንዱ "ታሪክ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ሊወርድበት ሲል ደብተራው ቀደመ። "ልጄ፣ ጉሙ ዓይንህን ሸፍኖት ነው እንጂ ይህ ጽድ ነው፤ ሽታው አይነግርህም?" ልጁ "ለካ ጽድ ነው" አለና ጨዋታው ቀጠለ። ያፈረም የተቆጣም የለም። ፖለቲካም ሲገባ እንደዚሁ ነው፤ "ይህ ከየት የመጣ ወሬ ነው? ንጉሡ አንኮበር ናቸው" እንልና እናልፋለን። የእውነቱን ኑሮ፣ ቪዛውን፣ ሐኪም ቤቱን፣ የቤት ኪራዩን የምናወራበት ሌላ ግሩፕ አለን። ጓሮ ብለነዋል። ጓሮው ባይኖር መንደሩ አይቆምም ነበር።

አዲስ ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። "ሰላም፣ አዲስ ነኝ" ይላል፣ መልስ የለም፣ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ደንብ እንዲህ ሆነ። አዲስ ገቢ "ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ" ብሎ ይገባል። የሳምንቱ ተረኛ ደግሞ እግር አጣቢ ነው። ውሃ ያሞቃል፣ እግር ያጥባል፣ "ከየት ነው የመጡት? መንገዱ እንዴት ነበር?" ይላል። እንግዳው ሲመልስ ሳያውቀው መጫወት ጀምሯል። አገራችን እንግዳ እንደዚህ ነበር የሚቀበለው፤ አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

ሦስተኛውን ደንብ ያመጣው ችግር ነው። ሰዓታችን አይገጥምም። የእኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደብረ ብርሃን ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ኅዳር ገደማ ፈረንጅ ሰዓቱን ሲቀይር ደግሞ ያም ይዛባል። ይህ ቀላሉ ነው። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ግማሹ ሰው አንድ ቀን ላይ ዝም አለ። እህቴን በስልክ እሞክራለሁ፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ጨዋታ ማን ያስባል?

ግን አንድ ሌሊት ከቤይሩት የሰፈሬ ልጅ ጻፈች። "እትዬ፣ የቀሩትን ሰዎቻችንን ምን እናድርጋቸው? ተሰደዱ እንበል?" እምቢ አልኩ። የተሰደድነው እኛ እንበቃለን። "ጉም ወርዶባቸዋል" ብዬ ጻፍኩ። ጉም ውስጥ ያለን ሰው ማንም አይነካውም፤ አይሞትም፣ አያረጅም፣ ቤቱ አይወረስም። እስኪመጣ መንገድ ላይ ነው። ዛሬም ፈተና ያለባት፣ የወለደች፣ ያዘነ ሰው "ጉም ወርዶብኛል" ይላል። ምክንያት አይጠየቅም። ሰው ከግሩፕ የሚጠፋው ስለሰለቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ቀርቶ ቀርቶ መመለስ ያሳፍረዋል። ጉሙ ያን ሐፍረት አስቀረልን።

ግሩፕ ቀን ከሌት ካልተንጫጫ ሞተ የሚሉ አሉ። አልስማማም። መንዝ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር አያቶቻችን እንዴት እንዳቆዩት ያስታወሰችን ያቺ ደን ገቢዋ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት። ቄሮ በሚባል የጥንት ሥርዓት ሣሩን ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይከለክሉት ነበር፤ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ያስጠብቅ ነበር። ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። እኛም አንድ ታሪክ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት እንከለክላለን። በመክፈቻው ቀን የሚመጣውን ሰው ብታዩት!

አሞሌ ነጋዴው ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አህዮቹን ይዞ ዳገቱ መሃል ላይ ነበር። እዚያው ጉም ውስጥ ተውነው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ስምንት ወር። በጓሮው በኩልም ወሬው የለም።

አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ብልጭ አለ።

"ቤቶች! ጉሙ ተገፈፈልኝ። አህዮቹ ደህና ናቸው። አሞሌው ግን ረጥቧል። ማን በስንት ይገዛኛል?"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ አመለጠኝ። አዛውንቷ ነቅተው "ምን ተገኘ?" አሉኝ። "ጨው ነጋዴ መጣ" አልኳቸው። "በዚህ ሌሊት?" ብለው ተመልሰው ተኙ።

ተረኛዋ እህቴ ነበረች። "ይግቡ፣ ይግቡ፤ ውሃው ከሞቀ ቆየ" አለችው። ጭቃ ሹሙ ከቶሮንቶ ቀረጥ ጠየቀ። እኔ የረጠበ አሞሌ በግማሽ ዋጋ ነው አልኩ።

"እመቤቴ፣ ስምንት ወር ጉም ውስጥ አድሬ በግማሽ ዋጋ?"

ፈረቃዬ እስኪያልቅ ተከራከርን።